ሰሙ ወተት ነው

ሱላይቢያ ሌሊቱ አይበርድም፤ በነሐሴማ ይብስ ይግላል፤
ላሟ በማራገቢያ ሥር ቆማ፣ አላቢዋ ላቡን ይታለባል።
አምስት መቶ ላም አለን። ቁጥር ነው የሁሉም ስማቸው፣
ጆሯቸው ላይ ቢጫ ፕላስቲክ፣ እንደ እኛው መታወቂያ ያላቸው።
አራት መቶ ዐሥራ ሰባትን ግን እኔ ቡሪት አልኳት፤
ስጠራት ዞር ትላለች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት።

ሰኞ የኋላ ግራ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣
ወተቷ እርጎ መስሎ፣ ደም ቀላቅሎ ይወጣ ጀመረ።
ፔኒሲሊን ወጋኋት። እግሯ ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ፤
«አምስት ቀን ከጋኑ አይገባም» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

ረቡዕ አለቃችን አቡ ናይፍ መዝገቡን ገለጠ፣
«ወተት ጎደለ» አለና ከደሞዛችን ቆረጠ።
እሱ ደሞዝ ቆረጠ፤
እኔ ማታውኑ ሪባን ቆረጥኩ።
ሦስተኛው ቀን ነበር። ቆጥሬ ነበር። እያወቅኩ።

ወተት ከወተት ሲገናኝ ማን ይለየዋል ጥፋቱን?
ያው ነጭ፣ ያው ጣፋጭ፣ ያው አረፋ።
«የሚያይ እግዜር ብቻ ነው» ብዬ ተኛሁ። እግዜር ግን
በነጋው ሺጂን ልኳት ነበር፣ ከነትንሿ ሣጥን።

ሺጂ የኬረላ ልጅ ናት፤ ከወተት መኪናው ቀድማ ትደርሳለች፣
ሣጥኗ የክብሪት ቤት ታህላለች፤ ከስልኳ ጋር ታገናኛታለች፤
በውስጧ ከጥፍር የምታንስ የወርቅ ሰሌዳ አለች።
ወርቁ ላይ ዐይን የማያያቸው ክሮች እንደ ሣር በቅለዋል፤
ሌላውን ሁሉ ያሳልፋሉ፤ መድኃኒቱን ሲያገኙ ግን
ጨብጠውት ይታጠፋሉ። ያኔ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይወድቃል፣
ትንኝ ክንፏን ያጠፈች ያህል ብቻ። ግን ይታወቃል።

አንድ ጠብታ ጣለች። ስክሪኑ ላይ ኮረብታ ነበር፣
በየጠዋቱ የማየው፣ አናቱ ሾጠጥ ያለ ሰማያዊ መስመር።
ኮረብታው ጎበጠ። ዝቅ አለ። ሜዳ ሆነ።
ሺጂ ደገመች፣ ሠለሰች። ፈገግታዋ ከፊቷ ተነነ።

አቡ ናይፍ «ማሽን ይዋሻል» አለ፤ «ሙቀቱ ነው፣ አቧራው!»
እሷ ቀና ሳትል፣ «ወርቅ አይዋሽም» አለችው።

ወርቅ! እኔ ቅኔ ቤት ሁለት ክረምት ተቀምጬ
ጉባኤ ቃና ሳይሞላልኝ የሸሸሁ ነኝ፤
«ሰሙንማ ሁሉም ያየዋል፣ ወርቁን ማን ያወጣዋል?»
ይሉ የነበሩት የኔታ ልሳነ ወርቅ ትዝ አሉኝ።
ሰሙ ወተት ነው። ወርቁ የእኔ መቀስ።
እኔ ያልቻልኩትን ጥፍር የምታህል ፈታችው፣ ምራቄን እስክውጥ ድረስ።

«ማነው?» አለ አለቃችን። ራፊቅ መሬት መሬት አየ፤
ሦስት ልጆች አሉት፣ ሲልሄት።
ዝምታው ወደ እሱ ሲያዘነብል አየሁት።
«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።
መቀሱ ገና ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ጭኔን እየወጋኝ።

ዐሥራ ሁለት ሺህ ሊትር። ቧንቧው ተከፈተ።
አሸዋው ጠጣ፣ ጠጣ፤ ጠግቦም መልሶ ተፋ፤
ነጭ ኩሬ ተኛበት፣ ፀሐይ ስትወጣ ሸተተ።

በሌላው ኪሴ ለጥርሴ የገዛሁት አሞክሳሲሊን አለ፣
ከካምፑ ሱቅ፣ በስውር፣ ያለ ሐኪም ወረቀት፤
ሕመሙ ሲተወኝ ተውኩት። ስምንት እንክብል ቀርተውታል።
ከእኔ ማንም ጠብታ አልወሰደም።
የእኔስ ቀይ ሪባን የታል?

ድመቶች መጡ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት፤
አንዷ ሆዷ ከጀርባዋ የተጣበቀ፣ ልጇን በአፏ ያንጠለጠለች ከሲታ ናት።
መጥረጊያ አንሥቼ ኩሬው ዳር ቆምኩ።
«ሂጂ! ሂድ! ወዲያ!» እያልኩ፣
ከቢሮ እስክጠራ ድመት ሳባርር አረፈድኩ።

ስጠራ ዞር ብዬ አየሁ። ራፊቅ ቡሪት እግር ሥር ተንበርክኮ
ሪባን ያስርላታል፤ ቀዩን፣
በሁለት ቋጠሮ።